ዘጠኝ መቶና አንድ

አክሊል ሸዋዬን "መብራትሽን ልይልሽ" አላት። ሸዋዬ "መብራቴ ምንም አልሆነም" አለችው። እኔ ከውሃው በርሜል ጥግ ቆሜ እሰማ ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ አልተግባቡም። እሱ ተበላሽቷል አላለም። ልይልሽ ነው ያለው። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ሲሳሳቱ ማረም ደስ ይለኝ ነበር።

"ሸዋዬ፣ ተበላሽቷል አላለሽም እኮ። ለማየት ነው" አልኳት።

እኔን ሳይሆን እሱን አየችው። "ሰማህ? ለማየት ነው አሉ" አለችና በሩን ዘጋችው። የቆርቆሮ በር ስለሆነ ሲዘጋ ግቢው በሙሉ ሰማ።

አክሊል ለብቻው ሳቀ። ከዚያ አናቴን ነካ አድርጎ "ጎበዝ ነሽ ሶሊ። አንቺ እንደኔ ኢንጂነር ትሆኛለሽ" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸዋዬን ምስጋና ቢስ ብዬ ያዝኳት። ሰው አምፖሏን በነጻ ሊያይላት አመሻሽቶ ደጇ ድረስ ሲመጣ በር ትዘጋለች?

የምንኖረው ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ በአከራያችን በዴቆ ግቢ ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት የዴቆ የድንጋይ ቤት አለ፤ ከኋላው ለእኛ ለተከራዮቹ የተቀጣጠሉ የቆርቆሮ ክፍሎች። ዴቆ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተሰድዳ ጅግጅጋ ስለኖረች አማርኛ አይቸግራትም፤ ስትቆጣ ብቻ ወደ ሶማሊኛዋ ትመለሳለች። አባቴ ባንተአምላክ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ከጣቶቹ መሐል የደረቀ ሲሚንቶ ጠፍቶ አያውቅም። ከጎናችን ጀማሉዲን ነበር፣ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ የሐረር ሰው። ሸዋዬ የጥጓን ትንሽ ክፍል ብቻዋን ይዛለች፤ ሰው ቤት ታጸዳለች፤ ማታ ስትገባ በረኪና በረኪና ትሸታለች። አክሊል ደግሞ ከውጭው በር አጠገብ ያለውን፣ መስኮት ያለውን ክፍል።

ሁሉም ኢንጂነር ይሉታል። ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይሰካል፤ ፍሎረሰንት ሲበላሽ፣ ሬዲዮ ሲዘጋ ወደ እሱ ነው የሚኬደው። ድሬዳዋ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ መጀመሪያው ዓመት ላይ እንዳቋረጠ የሰማሁት በጣም ቆይቼ ነው። ትምህርት ማቋረጥ ነውር አይደለም። ግን ሰውየው ያቋረጠው ትምህርቱን ብቻ ነበር፤ ማዕረጉን ይዞ ነው የወጣው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ስር እቀመጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተቃጠሉ ቾኮች ተከምረዋል፤ ፍሎረሰንት ውስጥ የሚገቡት፣ ለእጅ የሚከብዱ የብረት ሳጥኖች። አንድ ቀን አንዱን አስያዘኝ።

"በውስጡ ሽቦ ተጠምጥሟል" አለኝ። "ሽቦ ዝም ብሎ ሲዘረጋ ገር ነው። ሲጠመጠም ግን ግትር ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሊገባ ሲል አላስገባም ይላል። ከገባ በኋላ ደግሞ ሊወጣ ሲል አላስወጣም ይላል። በድንገት ስታቋርጪበት ይቆጣል። የግትርነቱ መጠን ኢንዳክታንስ ይባላል።"

"ስንት ነው ግትርነቱ?"

"በሄንሪ ይለካል።"

"ሄንሪ ማነው?"

"የድሮ ፈረንጅ ነው።"

"እዚህ ውስጥ ነው ያለው?"

ሳቀ። "አዎ፣ እዚህ ውስጥ ነው።"

ከዚያ በኋላ ብዙ መምህር አይቻለሁ፤ ኢንዳክታንስን እንዲህ አቅልሎ ያስረዳኝ የለም። ከአክሊል ነገር ሁሉ ያልናቅኩት ያቺን ማብራሪያ ብቻ ነው። ያኔ ግን የገባኝ ሌላ ነበር። ሄንሪ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ብረቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲነኩት የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

ሀብሉ የጠፋው አንድ ማክሰኞ ነው። ዴቆ ለሶላት ልትታጠብ የወርቅ ሀብሏን አውልቃ በርሜሉ አጠገብ ያለው ግንብ ላይ አስቀመጥኩት አለች፤ ስትመለስ የለም። በመጀመሪያ በአማርኛ ጠየቀችን። ቀጥሎ በሶማሊኛ። በመጨረሻ እንደገና በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "እስከ ጁምዓ ሀብሌ ካልተገኘ አንድም ሀበሻ ከዚህ በር ውስጥ አያድርም" አለች።

የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ አባቴ፣ ጀማሉዲንና አክሊል እኛ ክፍል ተሰበሰቡ። እናቴ ሻይ ቀዳችላቸው። እኔ ከፍራሹ ጥግ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ከዚያ ንግግር የማስታውሰው ቁርጥራጩን ነው።

"እኔ ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?" አለ አባቴ።

"እኔስ? ዕቃዬ ሁሉ እዚህ ነው" አለ ጀማሉዲን።

"ብቻዋን ያለችው እሷ ናት" አለ አክሊል። "ልጅ የላት፣ ባል የላት። ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሰሪዎቿ ዘንድም ማደር ትችላለች።"

"አላህ ያውቃል" አለ ጀማሉዲን።

እናቴ ብርጭቆዎቹን እንደገና ሞላች። እኔ ለሸዋዬ እያዘኑላት መሰለኝ። ብቻዋን መሆኗን እንዲህ ደጋግመው ሲያነሱ ሊረዷት መላ የሚፈልጉ ነበር የመሰለኝ። እንዲያውም ያ ሁሉ በር መዝጋቷን ረስቶላት ስለ እሷ የሚያስብ አክሊል የበለጠ ደግ ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ አባቴ ስለ አገሩ ሌባ ሻይ አወራ። ዕቃ ሲጠፋ ባለመድኃኒቱ አንድ ልጅ ያመጣል፤ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ መንደር ለመንደር ይሄዳል፤ ወገቡ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱን ባለመድኃኒቱ ይዞ ይከተለዋል። ልጁ የወደቀበት ደጅ የሌባው ደጅ ነው። "አያቴ በዓይኑ አይቷል" አለ አባቴ።

አክሊል በጥሞና አዳመጠ። "እኔ ያንን በሳይንስ አደርገዋለሁ" አለ። "ነገ ማታ ኑ፣ ላሳያችሁ።"

በማግስቱ ማታ ሦስቱ በሩን ዘግተው አክሊል ክፍል ውስጥ ቆዩ። አንድ ጊዜ የጀማሉዲን ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው ሳቅ። አባቴ ሲመለስ ቀኝ እጁን በግራው እያሻሸ ነበር። እናቴ "ምን ሆንክ?" አለችው። "ሲሚንቶ ነው" አላት።

ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ። አክሊል ሁለት ነገር አሳየኝ። አንዱ ያ ከባዱ ቾክ ነው። ሌላው ከሬዲዮ የወጣ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የሽቦ ጥቅል። በሁለቱም ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎባቸዋል።

"ይኼ ምን ይላል?"

"አንድ" አልኩ ቾኩን አይቼ።

"ይኼስ?"

"ዘጠኝ መቶ!"

"ጎበዝ። ነገ ስጠይቅሽ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ።"

"ከኋላው ያለውስ?" አልኩት። ከአንድ ቁጥሩ ኋላ አንድ ፊደል አለ፤ ከዘጠኝ መቶው ኋላ ደግሞ ሁለት ናቸው፣ የመጀመሪያው ጭራ ያለው።

"እሱ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አያስፈልግም። ቁጥሩን ብቻ።"

እኔም አሰብኩ፤ ትንሿ ውስጥ ዘጠኝ መቶ ሄንሪዎች አሉ፣ ትንንሾች፤ ትልቁ ውስጥ ግን አንድ ብቻ። ዘጠኝ መቶ ሰው ሲቆጣና አንድ ሰው ሲቆጣ እኩል ነው?

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ግቢው መሐል ጠረጴዛ ወጣ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ የእናቴ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው የበዛበት ውሃ በሳህን። ማንኪያዎቹ በሽቦ ከትንሿ ጥቅል ጋር ታስረዋል። ከግንቡ ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች ይጮኻሉ። ዴቆ እጇን አጣምራ በሯ ላይ ቆማለች። አክሊል ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል።

"ይኼ ድግምት አይደለም" አለ። "ሳይንስ ነው። እዩት፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ። ይኼ ዝንብ አይገድልም። ግን የሚዋሽ ሰው ደሙ ይፈጥናል፤ ማሽኑ ያንን ያውቃል። እውነተኛ ሰው ምንም አይሰማውም።"

እጃቸውን ጨው ውሃው ውስጥ ነክረው በሁለት እጃቸው ሁለቱን ማንኪያዎች ይይዛሉ። አክሊል ሽቦውን ባትሪው ላይ ያሳርፍና "ወስደሃል?" ይላል። "አልወሰድኩም" ሲሉ ሽቦውን ያነሳል። በየተራው መጀመሪያ ወደኔ ይዞራል።

"ሶሊ፣ ስንት ይላል?"

"ዘጠኝ መቶ!"

መጀመሪያ አባቴ ያዘ። ምንም። ጀማሉዲን "አዑዙ ቢላህ" ብሎ ያዘ፤ "ኢንጂነር፣ ይኼን ከጂን ገበያ ነው የገዛኸው?" አለና አሳቃቸው። ምንም። እናቴ ያዘች፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ምንም። እኔም በየመሐሉ ዘጠኝ መቶ እያልኩ እጮኻለሁ። እንደዚያ ቀን ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህም አልተሰማም፤ ዝምተኛ ልጅ ሆንኩ፣ ዝምተኛ ሴትም ሆኜ አደግኩ።

ሸዋዬ ከሥራ ስትገባ ጠበቋት። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ በበረኪና የነጡ ጣቶቿን ውሃው ውስጥ ነከረች። አክሊል ትንሿን ጥቅል ፈታና ቾኩን አሰረ።

"ለሸዋዬ ግን አዝንላታለሁ" አለ ለሰዉ። "ብቻዋን ያለች ሴት ናት። በአንድ ብቻ ነው የምሞክራት።"

"ለምን?" አለች ሸዋዬ። "እኔንም በዚያው ሞክረኝ።"

"አንድ ሲሰጥሽ ዘጠኝ መቶ አምጣ ትያለሽ?"

ጀማሉዲን ሳቀ። እናቴ ፈገግ አለች። አባቴ ጫማውን ያያል፤ ጳጳስ ሲባርክ እንደሚያደርገው፤ አክብሮት መሰለኝ።

"ሶሊ፣ አንብቢላት።"

"አንድ!"

ሸዋዬ ወደኔ ጎንበስ አለች። "ሶሊዬ፣ ከቁጥሩ ኋላ ያለው ምንድነው?"

"የፈረንጅ ፊደል ነው" አልኳት። "አያስፈልግም።"

ቀና አለች። ከዚያ ማንኪያዎቹን ያዘች።

"ወስደሻል?"

"አልወሰድኩም።"

አክሊል ሽቦውን አነሳ። ከባትሪው ጫፍ ሰማያዊ ብልጭታ ታየኝ። ሸዋዬ ጮኸች፤ ማንኪያዎቹ ተወረወሩ፤ ሳህኑ ተገልብጦ ጨው ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። እሷ የቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ቆመች።

"እንደገና። አሁን እሱ ይያዘው።"

"ማሽን ባለቤቱን አይመረምርም" አለ አክሊል።

ይህን ነው ያለው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ግቢው ሙሉ ጎልማሳ ይህን መልስ ሰምቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዴቆ በሶማሊኛ አንድ ነገር ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ከመምሸቱ በፊት ሸዋዬ ፍራሿን በገመድ አስራ ወጣች። ዴቆ በር ላይ ቦርሳዋን በረበረች፤ ከልብስና ከአንዲት ትንሽ የማርያም ሥዕል በቀር የተገኘ የለም። "ሸጣው ይሆናላ" አለ አክሊል። እኔ አልተገረምኩም። ሄንሪ ተናግሯል።

በሚቀጥለው ዒድ ዴቆ ለየክፍሉ ሐልዋ ስታድል ሀብሉ አንገቷ ላይ ነበር። "ሄንሪ መለሰው!" ብዬ ጮህኩ። እናቴ አፌን በመዳፏ ዘጋችው። ሐልዋውን ተቀበለች፤ አመሰገነች፤ በሩን ገፋ አደረገች። አክሊል ተቀበለ። ጀማሉዲን ተቀበለ። ዓይን ያለው ሁሉ ያንን ሀብል አየ፤ አፍ ያለው ሁሉ ሐልዋ ጎረሰበት።

እዚሁ ሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ኤሌክትሪካል። አክሊል ለሚያገኘው ሁሉ "እኔ ነኝ ያስጀመርኳት" ይላል ብለው ነገሩኝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኢጋል የሚባል መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ሄንሪ አንድ ሺህ ሚሊ ሄንሪ ነው፣ አንድ ሚሊ ሄንሪ አንድ ሺህ ማይክሮ ሄንሪ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ የተለያዩ ጥቅሎችን ልክ ዘረዘረና ከደካማው ወደ ብርቱው ደርድሩ አለን። "ቁጥሩ አያታልላችሁ" አለ። "ከኋላው ያለውን ሳታዩ ቁጥር አታንብቡ።"

ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ በማይክሮ ነበር። ከቁጥሩ ኋላ ጭራ ያላት ፊደል ቆማለች። እስክሪብቶዬ ቆመ። በደብተሬ ጥግ ዘጠኝ መቶ ማይክሮ ሄንሪን ወደ ሄንሪ ቀየርኩት። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዘጠኝ። የአንድ ሄንሪ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ለብቻዬ ሞከርኩት። ከትንሿ ጥቅል የሚወጣው ምት ሥጋ ሳይሰማው ያልቃል። ቾኩ ግን የኤሌክትሪክ ጅረቱ ሲቋረጥበት በሁለት የባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚያስጮህ ቮልቴጅ ያወጣል። ማንኪያውን የያዝኩት ራሴ ነኝ። ክንዴ እስከ ክርኔ ደነዘዘ።

ያን ጊዜ የገረመኝ ማታለሉ አልነበረም። ሰውየው ፕላስተሩ ላይ እውነቱን ጽፎ ነበር። ያሻውን ቁጥር መጻፍ ሲችል፣ ማንም ሳያውቅበት፣ ትክክለኛውን ልክ ከነመለኪያው ጻፈ። ያን የሚያህል ንቀት ነበረው ለእኛ። ወይም ያን የሚያህል ከንቱ ነበር፤ ማጭበርበሩም ላይ ቢሆን ኢንጂነር መባል አማረው። ሌባ ሻይ የተባለው ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ገመዱን የያዘው እሱ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ራሴን አልከስም። የምንቀው ጢም የነበራቸውን ነው።

እነሱንም ቢሆን ለጊዜው በግማሽ ማርኳቸው። አልተማሩም፤ ተታለሉ ብዬ።

ሸዋዬን ዳሚ የሚባል ሰፈር አገኘኋት። በሁለት ትልልቅ ሳፋ የሰው ልብስ ታጥባለች። ስሜን ስነግራት እጇን ከአረፋው አላወጣችም።

"የባንተአምላክ ልጅ? አንድ፣ ዘጠኝ መቶ?"

"አዎ።"

ቁጭ ብዬ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ሄንሪውን፣ ማይክሮውን፣ በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ። በወረቀት ጭምር ሠራሁላት። ሳታቋርጠኝ ሰማች፤ አንድ ሸሚዝ ጨመቀች።

"አልሰረቅኩም እኮ" አለች። "ይኼን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብሽ?"

ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ለእኔ ምን ታስረጂኛለሽ? ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ልግባ ስል 'የዴቆ ግቢዋ' ይሉኛል። ስሜ የወደቀው እዚያ ነው። ማንሳት ከፈለግሽ እዚያው ግቢ ንገሪያቸው፣ ሁሉም ባሉበት።"

"እኔ ሰው ፊት መናገር…"

"ያኔ ትችይ አልነበር? ግንቡን አልፎ ይሰማ ነበር ድምፅሽ።"

የምረቃዬ ዕለት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። አሁንም እዚያው ነን፤ ክፍሎቹ በብሎኬት ተሠርተዋል፣ ሰዎቹ አልተቀየሩም። ዴቆ ለክብሯ ፊት ተቀመጠች። ጀማሉዲን አርጅቷል። አክሊል ከረባት አስሯል፤ የሀበሾቹ ማኅበር ሰብሳቢ ሆኗል፤ ሰው ሲጣላ ሽምግልና የሚጠራው እሱን ነው። ተነሥቶ ንግግር አደረገ።

"ይህች ልጅ" አለ፣ "የኢንዳክታንስን የመጀመሪያ ትምህርት የተማረችው ከእኔ ጠረጴዛ ስር ነው።"

አጨበጨቡ። ተነሣሁ። ከክፍሌ ቾክ፣ ትንሽ ጥቅልና ሁለት የባትሪ ድንጋይ አወጣሁ፤ ከኩሽና የእናቴን ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ያችኑ ሁለት። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣቸው ጭብጨባው ከአንድ ጥግ ጀምሮ ቆመ።

"ጋሼ አክሊል፣ ትምህርቱን እንደገና ያሳዩን" አልኩ። "ይያዙልኝ።"

ሳቀ። "በዚህ ዕድሜዬ ልትፈትኚኝ?" እጁን በውሃ አርሶ ያዘ። ትንሿን ጥቅል አሰርኩ።

"ይኼ ዘጠኝ መቶ ነው። ወስደዋል?"

"አልወሰድኩም!" አለ ለሰዉ እየጠቀሰ። ሽቦውን አነሣሁ። ምንም። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ቾኩን አሰርኩ። "አሁን ደግሞ አንድ። ትልቅ ሰው ነዎትና አዝንልዎታለሁ።"

ማንኪያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን በመሐረብ ጠረገ። "ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው" አለ።

"ዘጠኝ መቶው ማይክሮ ነበር" አልኩ። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ግን ዝም ብለው ነበርና ተሰማ። "የአንዱን አንድ ሺኛ አይሞላም። ለሁላችሁ ደካማውን፣ ለሸዋዬ ብርቱውን ነው ያስያዘው። ሸዋዬ አልሰረቀችም።"

እነሆ አሁን ይደነግጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ቀና አለ።

"ሶሊ፣ ይብቃ። እንግዳ አለ። ደግሞ እናውቃለን።"

"ምኑን?"

"ቾኩን። ያን ጊዜም እናውቅ ነበር። በዋዜማው እኛንም አስይዞናል፤ ጀማሉዲን እስኪጮህ።"

ጀማሉዲን ብርጭቆው ውስጥ "አስተግፊሩላህ" አለ።

"ታዲያ ዝም አላችሁ?"

"አንቺን ይዤ የት ልሂድ?" አለ አባቴ። ይህን ሲል አላፈረም፤ ሴራሚክ ስንት እንደፈጀ የሚናገር ይመስል ነበር።

ዴቆ አንገቷን ዳሰሰች። ሀብሉ እዚያው ነበር።

"የዚያን ሳምንት ነው የተገኘው" አለች። "እህቴ ቤት። ታጥቤ ሄጄ እዚያ ነበር ያወለቅኩት፤ ግንቡ ላይ የተውኩት መስሎኝ።"

"ለምን አልተናገርሽም፣ እትዬ ዴቆ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አባቴን፣ ጀማሉዲንን፣ እናቴን፣ አክሊልን። "እኔ የጠየቅኩት ሀብል ነው። ሰው አልጠየቅኩም። እናንተ ናችሁ ሰው ያመጣችሁልኝ።"

እናቴ ቴርሞሱን አነሣች። የአክሊል ሻይ እውነትም ቀዝቅዞ ነበር፤ ደፋችውና ትኩስ ቀዳችለት። ስኳሩንም እሷው አማሰለችለት፣ ከእነዚያ ማንኪያዎች በአንዱ።

በማግስቱ ዳሚ ሄጄ የተባለውን ሁሉ፣ የአባቴን ጭምር፣ ለሸዋዬ ነገርኳት። በሚቀጥለው እሑድ፣ ሁሉም ግቢ በነበሩበት ሰዓት፣ ሸዋዬ በውጭው በር ገባች። ወንበር ጎትታ ያኔ ጠረጴዛው የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ሻይ አቀረበችላት፤ አልነካችውም። አክሊል መስኮቱን ዘጋ። ፀሐዩ እስኪበረታ ተቀምጣ ስታበቃ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ በሩን ክፍት ትታው ሄደች።